የምክር ዓምድ፦ «አንገቷ መቼ ይሆን የሚጠናው?»

«ለተከበሩ ዶክተር፤ በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ቀኔ ሊደርስ አሥር ሳምንት ሲቀረው፣ በ30 ሳምንቷ ነው። ስትወለድ 1,300 ግራም ነበረች። ከአንድ ወር በላይ ማሞቂያ ክፍል ቆይታ፣ እኔም ደረቴ ላይ አድርጌ ማሞቅን ተምሬ ወደ ቤት ይዣት ገባሁ። አሁን አምስት ወር ተኩል ሆኗታል። ጡት በደንብ ትጠባለች፤ ፊቴን ታያለች፤ ትስቃለች። አንገቷ ግን አልጠናም። በዚያው ሳምንት የተወለደችው የጎረቤቴ ልጅ ትገለበጣለች፤ ደገፍ ሲያደርጓትም ትቀመጣለች። የእኔዋ ስትተኛ እጅና እግሯ ድንገት ይፈናጠራል፤ ነቅታ ስትንጋለል ደግሞ ጣቶቿና ቁርጭምጭሚቶቿ ለአፍታም አያርፉም። አማቴ ‹ጅማቷ ላልቶ ነው፤ በቅቤ ጠንከር ተደርጋ ትታሽ፣ እጅና እግሯም እየተሳበ ይፍታታ፣ ባለጎማው መንቀሳቀሻም ይገዛላት› ይላሉ። ባለቤቴ ስለ አንጎል ጉዳት ስልኩ ላይ ሲያነብ ያድራል። እኔ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሳለሁ ሻሸመኔ በአውቶቡስ መመላለሴ ይሆን እያልኩ ራሴን እወቅሳለሁ። ቡና ላይ ዕድሜዋን ሲጠይቁኝ መልስ ያጥረኛል። ልጄ እንደ እኩዮቿ ትሄድ ይሆን? — የትንሿ እናት»

ውድ እኅቴ፣

ከአንገቷ እንጀምር። ልጅሽ አምስት ወር ተኩል የሚሆናት ከተወለደችበት ቀን ስንቆጥር ነው። አንገትና ጀርባ ግን በልደት ቀን አይመሩም። አንጎል፣ ነርቭና ጡንቻ የሚበስሉት ከፅንስ ጀምሮ በሚሄደው ቆጠራ ነው፤ መውለድ ቀደመም ዘገየም ያ ቆጠራ ብዙም አይፈጥንም። ስለዚህ ካለፏት 24 ሳምንታት ላይ በማሕፀን ልታሳልፋቸው ይገባት የነበሩትን አሥር ሳምንታት ቀንሺ። 14 ይቀራል። በእንቅስቃሴዋ ስንለካት ልጅሽ ገና ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ናት። ሐኪሞች ይህን የተስተካከለ ዕድሜ ይሉታል፤ ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደን ሕፃን እድገት ቢያንስ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በዚሁ ነው የምንመዝነው።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ውጭ ነው፤ እርሱም ክትባት ነው። ክትባቷ የሚቆጠረው ከተወለደችበት ቀን ስለሆነ «ገና ትንሽ ናት» ተብሎ መዘግየት የለበትም። የ45 ቀኑም ሆነ ተከታዮቹ አልፈዋት ከሆነ ነገውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

እንግዲህ የሦስት ወር ልጅ አንገት ምን ይመስላል? ቀጥ አድርገሽ ስትይዣት ለአፍታ ይቆማል፣ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ይወድቃል። ብዙዎቹ ልጆች አንገታቸውን ደህና አድርገው የሚሸከሙት ወደ አራተኛው ወር ግድም ነው። የጎረቤትሽ ልጅ በዘመኗ ተወልዳ ከሆነ የአምስት ወር ተኩል ሥራዋን እየሠራች ነው። የአንቺዋን ከእርሷ ጋር ማስተያየት የሦስት ወር ሕፃን ከአምስት ወር ሕፃን ጋር እንደ ማወዳደር ነው፤ ለሁለቱም ልጆች አይበጅም።

አሁን ወደ አስፈራችሁ ነገር ልምጣ። ስለ አንጎል የምትፈሩትን ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ፤ የምታውቂው ነገር ከምትገምቺው ያነሰ ያስፈራልና።

የመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ለአንጎል ከባድ የሥራ ጊዜ ናቸው። በ24 ሳምንት ግድም የአንጎል ገጽ ለስላሳ ነው ማለት ይቻላል፤ እኛ በሥዕል የምናውቀው እጥፋት የሚሞላው ከዚያ በኋላ እስከ 40 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በ34 ሳምንት እንኳ የአንጎል ክብደት በ40 ሳምንት ከሚደርስበት 65 በመቶ ያህሉ ላይ ነው። ልጅሽ ይህን ሥራ ይዛ ነው ከማሕፀን የወጣችው። በጨለማና በሙቅ ውኃ ውስጥ ሊሠራ የነበረው በመብራት፣ በማሽን ድምፅና በመርፌ መሐል ተሠራ። ደረትሽ ላይ ያቀፍሻት ሰዓት ለዚህ ነው ዋጋው የላቀው። ይህ አያያዝ በ1978 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮሎምቢያዋ ቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ በተባሉ ሐኪም ሲጀመር መነሻው የማሞቂያ ማሽን እጥረት ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ምክር ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱና ክብደታቸው አነስተኛ ለሆነ ሕፃናት ሁሉ ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ያዛል፤ ማሽን ባለበትም ጭምር።

የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ኢኢጂ የሚባል ምርመራ አለ። ትናንሽ ሽቦዎች ራስ ቆዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ አያምም። በ30 ሳምንት በተወለደ ሕፃን ላይ ሲደረግ መዝገቡ እንደ እኔና እንደ አንቺ ሳይቋረጥ አይፈስም። ኃይለኛ ሞገድ ይመጣል፤ ከዚያ ለሰከንዶች ጸጥ ይላል፤ እንደገና ይመጣል። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያችሁን ደብድቦ ደብድቦ ቀጥ እንደሚለውና ሳይታሰብ እንደሚመለሰው ዝናብ ነው። በትልቅ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ጸጥታ ቢታይ ከባድ ምልክት ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ላለ ሕፃን ግን ጤና ነው። ሳምንታቱ ሲገፉ ጸጥታው እያጠረ ይሄድና መውለጃው ቀን ሲቃረብ ሞገዱ ይያያዛል።

እነዚያ ሞገዶች ከየት ይነሣሉ? በፈረንሳይ ተሠርቶ በ2007 የታተመ አንድ ጥናት፣ ልክ ልጅሽ በተወለደችበት ዕድሜ ማለትም ከ29 እስከ 31 ሳምንት ያሉ ሕፃናትን ተመልክቷል። ሕፃኑ እጁ ወይም እግሩ በራሱ ጊዜ ፈንጠር ሲል፣ በተቃራኒው የአንጎል ወገን፣ ያንኑ አካል በሚመለከተው ቦታ ላይ ሞገዱ ይነሣል። አንጎል ያዛል፣ እግር ይታዘዛል ብለን ነው የምናስበው። በዚህ ዕድሜ ግን እግርም አንጎልን ያስተምራል። ፈንጠር ባለ ቁጥር «እኔ እዚህ ነኝ» የሚል መልእክት ይልካል፤ አንጎልም የእያንዳንዱን አካል ቦታ ይለያል። እኔ ይህን ጥናት ሳነብ ከሁሉ ያስደነቀኝ፣ ማሞቂያ ክፍል ውስጥ እናቶች «ምን ሆነብኝ?» እያሉ የሚደነግጡበት መፈናጠር ራሱ የአንጎል ትምህርት ሆኖ መገኘቱ ነው።

ስለዚህ ልጅሽ ተኝታ ስትፈናጠር አትቀስቅሻት። የሕፃናት እንቅልፍ ብዙው ክፍል ዓይናቸው ከቆባቸው ሥር የሚንከራተትበት፣ ፊታቸው የሚኮሳተርና ፈገግ የሚልበት፣ ጣትና እግራቸው የሚዘልበት ንቁ እንቅልፍ ነው፤ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ደግሞ ይበዛል። ስትነቃ የሚቆም፣ ቦታውን የሚቀያይር፣ ሥርዓት የሌለው መፈናጠር ከሆነ አያስፈራም።

የሚያስፈራውን ደግሞ ለይተሽ እወቂ። በአንድ ዓይነት ምት ተደጋግሞ የሚመጣ፣ እጅ ወይም እግሯን ቀስ ብለሽ ስትይዢው የማይቆም፣ ዓይኗ ወደ አንድ ወገን የሚሰቀልበት ወይም ከንፈሯ የሚጠቁርበት መንቀጥቀጥ ካየሽ ወዲያውኑ ሆስፒታል ነው። በተለይ ከእንቅልፏ ስትነቃ ድንገት ወደ ፊት ጉብጥ፣ እጆቿን ዘርጋ እያደረገች፣ ይህ በሰከንዶች ልዩነት ደጋግሞ ከመጣ በስልክ ቅረጹትና በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው። ከሦስተኛው ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ የሚመጣ፣ ብዙ ሰው የሆድ ቁርጠት እየመሰለው የሚያልፈው የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ። መዘግየት የሌለበት ነው።

በደብዳቤሽ ውስጥ ሳታስቢው የጻፍሽልኝ አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ትኩረቴን ስቦታል፤ «ጣቶቿና ቁርጭምጭሚቶቿ ለአፍታም አያርፉም» ያልሽው።

ሃይንዝ ፕሬክትል የተባሉ ኦስትሪያዊ ሐኪም ዕድሜያቸውን በሙሉ ሕፃናትን ሲመለከቱ ኖሩ። ሳይነኩ፣ ሳይቆነጥጡ፣ በጀርባቸው አስተኝተው በቪዲዮ እየቀረጹ ነበር የሚመለከቱት። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ዘገም ብሎ መላ አካሉን ያጥመለምላል። ከዚያ፣ በተስተካከለ ዕድሜ ከ9 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ይተካል። ትናንሽ፣ ክብ ክብ የሚሉ፣ በአንገት፣ በትከሻ፣ በእጅ አንጓ፣ በዳሌና በቁርጭምጭሚት ላይ በየአቅጣጫው የሚመላለሱ እንቅስቃሴዎች ናቸው። ሕፃኑ ነቅቶ ተረጋግቶ ሲንጋለል ያለማቋረጥ ይታያሉ፤ ሲያለቅስ ወይም አንድ ነገር ላይ ዓይኑን ሲተክል ይጠፋሉ። ፕሬክትልና ባልደረቦቻቸው በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የ130 ሕፃናትን ውጤት አወጡ። እነዚህ እንቅስቃሴዎች በደንብ ከታዩባቸው 70 ሕፃናት 67ቱ ጤናማ ነርቭ ይዘው አደጉ። እንቅስቃሴው ካልታየባቸው ወይም መልኩ ከተለየባቸው 60 ሕፃናት ደግሞ 57ቱ ላይ በኋላ የነርቭ ችግር ተገኘ።

እኅቴ፣ በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም፤ ያየሽው እርሱ ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም። ልጅሽ ግን 14 ሳምንቷ ላይ ናት፤ ይህ እንቅስቃሴ ጎልቶ በሚታይበት ጊዜ ማለት ነው። የቀሩሽ ሳምንታትም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሌሊት ስልኩ ላይ ሲጨነቅ ለሚያድረው ባለቤትሽ ስልኩ የሚጠቅምበትን ሥራ ስጪው፤ ይቅረጻት። ጡት ጠብታና ነቅታ፣ ሳታለቅስ፣ ብርሃን ባለበት ክፍል በጀርባዋ ትንጋለል። እጅና እግሯ ይገለጥ፤ አይብረዳት እንጂ በስስ ልብስ ትሁን። አሻንጉሊት አይሰጣት፤ ማንም አያናግራት። ከእግሯ በኩል ከፍ ብሎ፣ ከራሷ እስከ ጣቶቿ መላ አካሏ እንዲታይ አድርጎ ለሦስት ደቂቃ ይቅረጽ። ካለቀሰች ይተውና ሌላ ጊዜ ይሞክር። ይህን ይዛችሁ ለሐኪሟ አሳዩ። ቤቷ፣ በገዛ ሰዓቷ ያደረገችው እንቅስቃሴ፣ ምርመራ ክፍል ውስጥ ደንግጣ ከምታሳየው ይልቅ ብዙ ይናገራል።

እውነቱን ሁሉ መናገር ስላለብኝ ይህንንም ልጨምር። በ30 ሳምንት የተወለደ ሕፃን በዘመኑ ከተወለደው ይልቅ ለአንጎል ጉዳት የተጋለጠ ነው። በአንጎል ውስጥ ባሉት ፈሳሽ የያዙ ክፍሎች ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች በዚያ ዕድሜ ስስ ናቸው፤ ሊደሙ ይችላሉ። በአጠገባቸው የሚያልፈው ነጩ የአንጎል ክፍልም በኦክስጅንና በደም ዝውውር ማነስ ይጎዳል። ለእግር ትእዛዝ የሚወስዱት የነርቭ ክሮች የሚያልፉት በዚያው በኩል ስለሆነ፣ ጉዳት ከደረሰ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እግር ላይ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው የእንቅስቃሴ ችግር አንዱ መነሻ ይህ ነው። በዚህ ዕድሜ ከሚወለዱት አብዛኞቹ ላይ ግን አይደርስም። ማሞቂያ ክፍል ሳለች በእርግብግቢቷ በኩል የአንጎል አልትራሳውንድ ተነሥታ እንደሆነ ከሆስፒታሉ ጠይቂ፤ ውጤቱን በወረቀት ያዢው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ዓይንሽን የምትጥይባቸው ነገሮች አሉ። ልብስ ስትቀይሪላት እግሮቿ ግትር ብለው እየተጠላለፉ አልከፈት ካሉ፣ አንዱ እጇ ሁልጊዜ እንደተጨበጠ ከቀረ፣ ወይም አንዱን ወገን ብቻ የምታንቀሳቅስ ከሆነ ሐኪም ይያት። «ግራኝ ልትሆን ነው» ብለው የሚስቁ ይኖራሉ፤ ከዓመት በፊት አንዱን እጅ ብቻ መምረጥ ግን የሌላው እጅ ድክመት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዝምታ አይታለፍም። በተስተካከለው ቆጠራ አራት ወር ተኩል ሞልቷትም አንገቷ ምንም ካልተሻሻለ እንዲሁ። ፊትሽን ማየቷንና መሳቋን ጽፈሽልኛል፤ ሁለቱም በጣም ደስ የሚያሰኙ ምልክቶች ናቸው።

አማትሽን በተመለከተ፣ የሚናገሩት ከፍቅር ነውና አትጣያቸው። በለሰለሰ እጅ፣ ሞቅ ባለ ክፍል፣ ልጅቷ ደስ ሲላት ማሸት መልካም ነው። እጅና እግር መሳብ፣ መጠምዘዝ፣ አንገት ማንጠልጠል ግን በፍጹም አይደረግም። ጅማት በመሳብ አይጠናም፤ የመገጣጠሚያዋም የቆዳዋም አቅም ገና ነው። ባለጎማው መንቀሳቀሻም ይቅር። ልጅ ቶሎ እንዲሄድ አያደርግም፤ ካናዳ በ2004 ሽያጩን እስከ መከልከል ደርሳለች። ከሰል ምድጃና ጀበና መሬት ላይ በሚቀመጥበት ቤት ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው።

አንገት የሚጠናው በሆድ በመተኛት ነው፤ ነቅታ፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ። አንቺ ጋደም በይና ደረትሽ ላይ በሆዷ አስተኚያት፤ ፊትሽን ለማየት ስትል ራሷን ቀና ታደርጋለች። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን ደጋግመሽ ጨምሪ። ከዚያ ምንጣፍ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈሽ እዚያው ሞክሪ፤ አማትሽ ከፊቷ ቁጭ ብለው ያጫውቷት፣ እሹሩሩ ይበሉላት። እጆቿን ወደ መሐል አምጥተሽ ጡትሽን፣ ፊትሽን ታስነኪያት። አንቀልባውን ለጊዜው አቆይው፤ አንገቷ እስኪጠና ከፊት፣ ራሷን ደግፈሽ እቀፊያት። እንቅልፍ ሲወስዳት ግን ሁልጊዜ በጀርባዋ ትተኛ። የታዘዘላት የብረት ማዕድን ጠብታ ካለ አታቋርጪባት፤ ካልታዘዘላትም ጠይቂ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ብረት የሚያከማቹበት ጊዜ አጥሮባቸዋልና።

ትሄድ ይሆን ላልሽው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ በ2006 ባወጣው መለኪያ፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ብቻን መሄድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ይሆናል። ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ተመልከቺ። ከመቶ አራት ያህሉማ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ነው የሄዱት። የልጅሽ ቆጠራ በአሥር ሳምንት ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ከልደቷ ሲቆጠር ዓመት ከሰባት ወር ላይ ገና ባትሄድ እንኳ ከዚህ መለኪያ ውስጥ ናት። ቡና ላይ ሲጠይቁሽም «ሦስት ወር አልፏታል» በዪ። ውሸት አይደለም፤ ሐኪሟም በካርዷ ላይ የሚጽፈው ይህንኑ ነው።

የሻሸመኔውን መንገድ ከልብሽ አውጪው። ያለ ጊዜ መውለድ በደም ግፊት፣ በኢንፌክሽን፣ በመንታ እርግዝና ይመጣል፤ በብዙ እናቶች ላይም ምክንያቱ ሳይታወቅ ይሆናል። በአውቶቡስ ተቀምጠሽ መሄድሽ ልጅሽን አላስወለደሽም። እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ እንድታለቅሺ የሚያደርግሽ ነገር ሳምንት ከዘለቀ ግን ይህንንም ለሐኪም ንገሪ፤ ልጅሽን ይዘሽ በምትሄጂበት ቀን ስለ ራስሽም መጠየቅ ትችያለሽ።

የክትትል ቀጠሮዋን አልጻፍሽልኝም። ካላት በዚያ ቀን፣ ከሌላት በዚህ ሳምንት ወደ ተኛችበት ሆስፒታል ወይም ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ሂዱ። ቪዲዮውንና ከማሞቂያ ክፍል ስትወጣ የተሰጣችሁን ወረቀት ያዙ። የዓይንና የጆሮ ምርመራ ተደርጎላት እንደሆነም ጠይቁ፤ ካልተደረገላት በዚያው ይታዘዝላት።